ቋንቋ እንደ ዕውቀት-ተኮር አገልግሎት፦ ትርጉም፣ ስያሜና ፊደል በአፍሪቃ ቀንድ የልማት ሥራ ውስጥ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሚያሳትመው ዓለም አቀፍ የኢኮኖሚ እንቅስቃሴዎች ምደባ፣ በ4ኛው ክለሳ፣ የትርጉምና የአስተርጓሚነት ሥራ የሚገኘው በመለያ ቁጥር 7490 ሥር ነው። ቁጥሩ «በሌላ ስፍራ ያልተመደቡ» ሙያዊና ቴክኒካዊ ሥራዎች የተሰበሰቡበት ነው። ከተርጓሚው ጎን የአየር ጠባይ ተንባዩ፣ የጌጣጌጥና የጥንት ዕቃ ገማቹ፣ የእርሻ አማካሪውና የጥበቃ ሥራ አማካሪው ተሰልፈዋል። አጥኚዎች ግን ይህን ቁጥር የያዘውን የሙያ አገልግሎቶች ዘርፍ ካለፉት 30 ዓመታት ወዲህ በቸልታ አላለፉትም። ድርጅቶች አዲስ ነገር እንዲፈጥሩ፣ አካባቢዎችም እንዲለሙ የሚያደርገው ኃይል ከፊሉ ከዚህ ዘርፍ ይመነጫል የሚል ክርክር ተነሥቷልና።

ክርክሩ በአውሮፓ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢያን ማይልስና ባልደረቦቹ በማንቸስተር ሆነው ለአውሮፓ ኮሚሽን ባቀረቡት ጥናት፣ ዋና ሸቀጣቸው ዕውቀት የሆነ፣ ደንበኞቻቸውም ሌሎች ድርጅቶች የሆኑ አገልግሎት ሰጪዎች ራሳቸውን የቻሉ አንድ ወገን መሆናቸውን አመለከቱ። እነዚህ ተቋማት የፈጠራ ተጠቃሚ፣ ተሸካሚና ምንጭ ናቸው ተባለ። ጥናቱ ዘርፉን በሁለት ይከፍለዋል። በአንድ ወገን ነባር ሙያዎች አሉ፤ የሕግ፣ የሒሳብ፣ የአስተዳደር ምክርና የገበያ ጥናት በዚህ ይመደባሉ። በሌላው ወገን በቴክኖሎጂ ላይ የቆሙት አሉ፤ የሶፍትዌር፣ የምሕንድስናና የምርምር ሥራዎች ማለት ነው። የሆላንዱ ተመራማሪ ፒም ደን ኸርቶግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 አገልግሎት ሰጪው ለደንበኛው ያለቀለት ዕቃ እንደማያስረክብ፣ ሁለቱ መፍትሔውን አብረው እንደሚያመርቱ አስረዳ። ይህ የአብሮ አምራችነት ሐሳብ ከዚህ በታች ደጋግሞ ይመጣል።

በቅድሚያ ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ «ዕውቀት-ተኮር የንግድ አገልግሎት» የሚለው አጠራር በቀላሉ ይመጣል፤ ሁለት እንከኖች ግን አሉበት። «ንግድ» የሚለው ቃል በአንባቢው አእምሮ መሸጥና መግዛትን ያመጣል፤ የታሰበው ግን ለሌላ ድርጅት ሥራ ግብዓት ሆኖ የሚቀርብ አገልግሎት ነው። «ተኮር» የሚለውም በዘመናችን ብዙ ተጭኖበታል። «ያተኮረ»፣ «የተመሠረተ»፣ «ማዕከል ያደረገ» እና «በብዛት የሚፈልግ» የሚሉት አራት የተለያዩ ፍቺዎች በዚህች አንዲት ቃል ተጠቅልለዋል። ሁለተኛውን እንከን ለማስወገድ ጊዜው ሳያልፍ አልቀረም፤ ቃሉ ሥር ሰዷል። የመጀመሪያውን ግን ማረም ይቻላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ዕውቀት-ተኮር የድርጅት አገልግሎት»፣ ሲያጥርም «የዕውቀት አገልግሎት» የሚለው ሥራ ላይ ውሏል። ይህ አጭር የስያሜ ሙግት ራሱ የጽሑፉ ርእስ አንድ ማሳያ ነው። ስያሜ አውጪው የሚሸጠው ይህንኑ ዓይነት ውሳኔ ነውና።

ከራፖር ጸሐፊው ጠረጴዛ

የዕውቀት አገልግሎት ባለ መስታወት ሕንፃ የሚፈልግ ነገር ተደርጎ ይታሰባል። በኢትዮጵያ ከተሞች ግን ከፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ በጃንጥላና በላስቲክ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ የኖረው ራፖር ጸሐፊ የዚህን ሙያ ጠባይ በሚገባ ያሳያል። ባለጉዳዩ የሚመጣው ታሪክ ይዞ ነው። ታሪኩ በዘመድ ስም፣ በወሰን ድንጋይ፣ በክረምትና በበጋ የተቆጠረ ነው። ራፖር ጸሐፊው ያን ከሰማ በኋላ ይጠይቃል፤ ከዚያ የትኛው ለሕጉ ነገር እንደሆነና የትኛው እንዳልሆነ ይለያል። በመጨረሻ አመልካችና ተጠሪ፣ የክሱ ምክንያት፣ የሚጠየቀው ዳኝነት በየስፍራቸው የሰፈሩበት አንድ ገጽ ይወጣል። ባለጉዳዩ የከፈለው ለቀለሙና ለወረቀቱ አይደለም። በአእምሮው የነበረው፣ ነገር ግን በሕግ ቋንቋ ሊናገረው ያልቻለው ጉዳይ ተቋሙ ሊያነበው በሚችል መልክ ስለተቀረጸለት ነው።

ኤማኑኤል ሙለርና አንድሪያ ሴንከር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ የዕውቀት አገልግሎት ሰጪ ሥራ ሦስት ሂደቶች እንዳሉት ያስረዳሉ። ከደንበኛው ያልተጻፈ ዕውቀት መቅሰም፣ የተቀሰመውን ቀድሞ ከነበረው ጋር ማዋሐድና መልክ ማስያዝ፣ መልክ የያዘውንም መልሶ ወደ ደንበኞች ማሠራጨት ናቸው። ራፖር ጸሐፊው ሁለቱን በየዕለቱ ይፈጽማል። ሦስተኛውን የሚፈጽመው በከፊል ነው፤ ከሺህ አቤቱታዎች የቀሰመው ዕውቀት ከእርሱ ጠረጴዛ አይወጣምና። ዕውቀት በግለሰብ እጅ ታጥሮ ሲቀር አካባቢው ከእርሱ የሚያገኘው ጥቅም በዚያው ሰው ዕድሜ የተወሰነ ይሆናል። የቋንቋ ጥናት ሰዎች የመስክ ማስታወሻቸውን ሳያሳትሙ ያለፉ አንጋፋ ተመራማሪዎችን ሲያስታውሱ ነገሩ ከቶ እንግዳ አይሆንባቸውም።

ከዚያ ጠረጴዛ ወደ ባንክ የደንበኞች መዝገብ ስንሻገር ያው ጠባይ ይቀጥላል፤ የሚለወጠው መጠኑ ነው። በአማርኛ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በድምፅ ተዋሕደዋል። አንድ ደንበኛ በአንዱ ቅርንጫፍ «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሃይሉ»፣ በሦስተኛው «ሀይሉ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ለኮምፒዩተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። ፍለጋውን የሚሠራው የሶፍትዌር ድርጅት ፊደላቱን ወደ አንድ ወጥ መልክ አምጥቶ ማነጻጸር አለበት። ነገር ግን የተጻፈውን ራሱን መለወጥ አይገባውም፤ የሰው ስም የባለቤቱ ነውና። ስሙ በቁቤ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ችግር ይከተላል። በቁቤ «ሲ» የተባለችው ፊደል ለብቻዋ ስትቆም የፈንጂውን የ«ጭ»ን ድምፅ ትወክላለች፤ «ሲ» እና «ኤች» ሲጣመሩ ግን «ች» ይሆናሉ። በእንግሊዝኛ ልማድ የሚጽፈው የመዝገብ ሠራተኛ ለሁለቱም ጥንዱን ይጠቀማል። ስለዚህ «ጫልቱ» የተባለች ሴት በቁቤ በአንድ ፊደል፣ በፓስፖርት በሁለት ፊደል ትጀምራለች። የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ በቁቤ ሕግ ያነበበ ሥርዓት «ቻልቱ» ይላታል። ይህን የሚያውቅ የድምፅ ሥርዓት የተማረ ሰው ነው። የሚያስፈልገው ግን የመረጃ ቋት መሐንዲስ ነው። ዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ካገኘና የአንድ ሰው ማንነት በመዝገቦች ንጽጽር መረጋገጥ ከጀመረ ወዲህ፣ የስም አጻጻፍ ስሕተት ተራ የሆሄ ግድፈት መሆኑ ቀርቷል። ከባንክ ደጅ ሊያስመልስ ይችላል።

የሶፍትዌርን ገጽታ ወደ አማርኛ መመለስም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ አንዲት የትእዛዝ ቃል ለወንድም ለሴትም ታገለግላለች። በአማርኛ ግን «ሰርዝ» ሲባል የተጠቃሚዋ ፆታ ተረስቷል፤ «ሰርዢ» ሲባል የተጠቃሚው። አንዳንዱ ተርጓሚ «ይሰርዙ» በሚለው የአክብሮት ቅርጽ ያመልጣል፤ ሌላው «መሰረዝ» ወይም «ሰርዝ» ብሎ ያልፋል። በዓለም አቀፉ የቋንቋዎች የመረጃ ማከማቻ ሲኤልዲአር ደግሞ ለአማርኛ የተቀመጠው የቁጥር ሕግ ዜሮን፣ አንድንና በመካከላቸው ያለውን ክፍልፋይ በነጠላ ይመድባል፤ ሌላውን ሁሉ በብዙ። አማርኛ ከቁጥር በኋላ «አምስት ሰው» ማለትንም «አምስት ሰዎች» ማለትንም የሚፈቅድ መሆኑ በሕጉ ቦታ የለውም። ይህ ስሕተት ነው ማለት ያስቸግራል፤ ሰንጠረዡ የተሠራው ለሌሎች ቋንቋዎች ጥያቄ ነው። አማርኛ የቀረበለትን ጥያቄ መለሰ እንጂ የራሱን አልጠየቀም።

የፊደል ቅርጽ ገበያና የጋራ መለያው

የዕውቀት አገልግሎት ለፈጠራ ያለውን ጥቅምና ገደብ በአንድ ምሳሌ ለማየት የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር የገባበትን ታሪክ የሚያህል የለም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባና በአሜሪካ የነበሩ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ፊደሉን በኮምፒዩተር ለመጻፍ የሚያስችሉ ፕሮግራሞችን ሠሩ። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በመሥሪያ ቤቶች ከታወቁት መካከል ናቸው። ፕሮግራሞቹ ትልቅ ክፍተት ሞልተዋል፤ ጋዜጣው፣ ሚኒስቴሩ፣ ማተሚያ ቤቱ ሥራውን በእነርሱ ሠራ። ሆኖም እያንዳንዱ አምራች ለፊደላቱ የሰጠው የውስጥ ቁጥር የየራሱ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ይወጣል። መሥሪያ ቤት አንዱን ፕሮግራም ከመረጠ በኋላ ሰነዶቹ ሁሉ የዚያ ፕሮግራም እስረኞች ይሆናሉ።

ነገሩ የተለወጠው ፊደሉ በዩኒኮድ የጋራ መለያ ሲያገኝ ነው። በዚህ ረገድ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችና የቋንቋ አዋቂዎች ያደረጉት ጥረት ሊዘነጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛ የዩኒኮድ እትም 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች ሰፈሩ። ሥራው ግን በዚያ አላበቃም። ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሊንና ለምዕን የሚያስፈልጉ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ2005፣ ለጋሞ-ጎፋ-ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የሚያስፈልጉት በ2010፣ ለአዲሱ የጉራጌ አጻጻፍ የሚያስፈልጉት በ2021 ተጨመሩ። ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው 22 ዓመት ሄዷል። በዚያ ሁሉ ጊዜ በመካከል ያሉ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ፊደላቸውን በስልካቸው መጻፍ አይችሉም ነበር፤ ወይም በአምራቹ ቸርነት ይጽፋሉ። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላ ከተባለው የፊደል ቅርጽ ጋር ሲመጣ አማርኛ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም መነበብ ቻለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ እንቆቅልሽ አለ። የግል ዕውቀት የጋራ መለያ በሆነ ጊዜ የፊደል ቅርጽ ሻጮቹ ገበያ ፈረሰ። በአንጻሩ በእነርሱ ገበያ ላይ ከቶ ሊቆም ያልቻለ ሌላ ሥራ ተከፈተ፦ የፍለጋ፣ የአጻጻፍ ማረሚያ፣ የማሽን ትርጉም፣ የድምፅ መለያ። የዕውቀት አገልግሎትን የሚያወድሱ ጽሑፎች ዘወትር የሚጠቅሱት ድርጅቱ የፈጠረውን ነው። ለአካባቢው የሚበጀው ግን ድርጅቱ ከፈጠረው ውስጥ ለሁሉ የተለቀቀው ሊሆን ይችላል። አምራቾቹን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ መለያ የሚያወጣ ጠንካራ የሕዝብ ተቋም በጊዜው በአጠገባቸው አልነበረም።

የክልል ከተማና የሕግ ቋንቋ

ስለ ዘርፉ በየአገሩ የተደረጉት ጥናቶች ደጋግመው ከሚያሳዩት ነገር አንዱ የዕውቀት አገልግሎት በዋና ከተሞች መከማቸቱ ነው። ደንበኛው ትልቅ ድርጅት ነው፤ ትልቅ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ በዋና ከተማ ነው፤ አማካሪውም ፊት ለፊት ተገናኝቶ መነጋገር ይፈልጋል። ያልተጻፈ ዕውቀት በርቀት አይቀሰምምና። ከዚህ የተነሣ በዳር ያለው አነስተኛ ድርጅት ወይ ያለ አማካሪ ይቀራል፣ ወይ ከሩቅ የመጣ፣ አካባቢውን የማያውቅ ምክር ይገዛል።

በኢትዮጵያ ይህ የከተማ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቋንቋ ጉዳይም ይሆናል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ ይመርጣሉ፤ ኦሮሚያ በአፋን ኦሮሞ፣ ሶማሌ በሶማሊኛ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ራሱን የቻለው የሲዳማ ክልል በሲዳማ አፎ ይሠራሉ። በክልል ፍርድ ቤት የተወሰነ ጉዳይ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሲሄድ ውሳኔው ወደ አማርኛ መተርጎም አለበት። በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው ፍሰት ይበልጥ ከባድ ነው። አዋጅ ቁጥር 454/1997 ሰበር ሰሚው ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጓሜ በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ አደረገ። ትርጓሜው የሚታተመው በአማርኛ ነው። በክልሉ ቋንቋ ሕግ የተማረ፣ በክልሉ ቋንቋ የሚያስችል ዳኛ በአማርኛ በተጻፈ አስገዳጅ ትርጓሜ ይታሰራል። መካከላቸው ያለው ድልድይ ተርጓሚው ነው።

ለተርጓሚው የሚቀርበው ሥራ ምን ያህል ዕውቀት እንደሚጠይቅ አንድ ቃል ያሳያል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ «ይዞታ» ማለት አንድ ሰው በአንድ ነገር ላይ በእጁ አድርጎ በተግባር የሚያዝበት ሁኔታ ነው፤ ከባለሀብትነት ይለያል። ሕጉን በፈረንሳይኛ ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ የአማርኛው ቃል የቆመው ያን የሮማውያን ሕግ ልዩነት ተሸክሞ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ከሆነ በኋላ ግን «የይዞታ መብት» የሚለው አነጋገር በገጠር መሬት ሕጎች ሌላ ትርጉም ያዘ። ገበሬው ሊያወርሰው፣ ሊያከራየው የሚችለው፣ ሊሸጠው ግን የማይችለው ጽኑ መብት ሆነ። አንደኛው የሁኔታ ስም ነው፤ ሁለተኛው የመብት ስም። በአማርኛ የሚያነብ ጠበቃ ልዩነቱን ከዐውዱ ይረዳል። ወደ አፋን ኦሮሞ ወይም ወደ ሲዳማ አፎ የሚተረጉመው ሰው ግን አንድ ቃል ይበቃል ወይስ ሁለት ያስፈልጋል ብሎ መወሰን አለበት። አንድ ቃል ከተጠቀመ የአማርኛውን መደናገር ወደ ሌላ ቋንቋ ያሻግራል። ሁለት ከተጠቀመ አማርኛው በግልጽ ያልተናገረውን ተናገረ ማለት ነው፤ የወሰን ክርክር ላይ ያለ ገበሬ በዚያ ቃል ሊረታ ወይም ሊሸነፍ ይችላል። በገጽ ተቆጥሮ የሚከፈለው ተርጓሚ ለዚህ ውሳኔ የሚሰጠው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

በዚህ ስፍራ የገጽ ክፍያ ጉዳይ ከሚመስለው በላይ ክብደት አለው። በገጽ የሚከፈለው የተተረጎመው ጽሑፍ ብቻ ነው። የተወሰነው ስያሜ፣ የተወሰነበትም ምክንያት ክፍያ የለውም፤ ስለዚህ አይመዘገብም። በሐዋሳ አንዱ ተርጓሚ የደረሰበትን ውሳኔ በይርጋለም ያለው አያውቀውም፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለአማርኛ ይህን ክፍተት በከፊል ለመሙላት የተደረገ የሕዝብ ሥራ ነበር። በክልል ቋንቋዎች የሕግ ስያሜ ላይ በዚያ ስፋት የተሠራ ሥራ አለመኖሩ የአገልግሎቱን ዋጋ ከፍ፣ ጥራቱን ግን ዝቅ ያደርገዋል።

አብሮ አምራችነት ሲጎድል ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ወደ ሶዶ መመለስ ያሻል። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ንግግር በአንድ ላይ ያዋሐደ፣ ከአራቱ ስሞች የመጀመሪያ ቀለማት «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ ቋንቋ ተዘጋጀ። በቋንቋ ጥናት ሚዛን ሐሳቡ ከንቱ አልነበረም፤ አራቱ የኦሞቲክ ቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ የመጽሐፍ ዝግጅትም ወጪ ይቆጥባል። መጻሕፍቱ ግን የተዘጋጁት ተናጋሪዎቹ እንደ ደንበኛ ሳይጠየቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1999 በሶዶ ከተማ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ ቀጥሎም ወላይታ የራሱን ዞን አገኘ። በኩባንያ ጥናት ቋንቋ ሲነገር ይህ «የደንበኛ ተሳትፎ ማነስ» ይባላል። ቃሉ ለሆነው ነገር እጅግ ያንሳል። ቢሆንም የደን ኸርቶግን ሐሳብ ከየትኛውም የአውሮፓ ምሳሌ ይልቅ አጥብቆ ያስረዳል፦ በቋንቋ ሥራ ተናጋሪው አምራች ካልሆነ የተመረተው ነገር ምርት አይሆንም።

ናይሮቢ፣ ኪጋሊና ዳሬሰላም

ከኢትዮጵያ ወጣ ሲባል ዘርፉ ሌላ መልክ አለው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ባደረገችው የ2030 ራእይ ለውጭ ድርጅቶች የሚሰጥ የቢሮ አገልግሎትን ከኢኮኖሚ ምሰሶዎቿ ዘርፎች አንዱ አደረገችው። በተከታዩ ዓመት የባሕር ሥር የኢንተርኔት ገመዶች ሞምባሳ ደረሱ። ናይሮቢ የቀጣናው የዕውቀት አገልግሎት ማዕከል ሆነች። ከዚያ የተነሣ አንድ ለቋንቋ ሰዎች ሊያስገርም የማይገባ፣ ነገር ግን የሚያስገርም ነገር ሆነ፦ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ በማኅበራዊ መገናኛ የሚጻፈውን የማጣራት ሥራ ናይሮቢ ውስጥ በኮንትራት ተሠራ። አንድ ስድብ ስድብ ነው ወይስ የዘር ጥላቻ ጥሪ? አንድ የእንስሳ ስም በዚህ ወረዳ ቀልድ፣ በዚያኛው ዛቻ ይሆናል ወይ? ይህ የፕራግማቲክስ ጥያቄ ነው፤ ሠራተኛው ግን በጥቂት ሰከንዶች እንዲፈርድ ይጠበቃል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ከሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ጋር በተያያዙ የፌስቡክ ጽሑፎች ምክንያት በሜታ ኩባንያ ላይ በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤቱታ ቀረበ፤ ፍርድ ቤቱም በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። አቤቱታው ገና ክርክር ነው፤ የቋንቋ ዕውቀት ከአካባቢው ርቆ ሲሸጥ የሚያስከትለው ኃላፊነት የት እንደሚወድቅ ግን በሕግ ፊት እንዲነሣ አድርጓል።

በማሽን ትርጉምም ተመሳሳይ ርቀት ይታያል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 በአማርኛ ላይ አራት የፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች እንዲጨመሩ ያለመ የቋንቋ ፖሊሲ አወጣች። የአምስቱ ቋንቋዎች ወደ ጉግል ትርጉም የገቡበት ተራ ይህ ነው፦ ሶማሊኛ በ2013፣ አማርኛ በ2016፣ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ በ2022፣ አፋርኛ በ2024። ተራው የተናጋሪ ብዛትን አልተከተለም፤ እንዲያ ቢሆን አፋን ኦሮሞ ከኋላ ባልተሰለፈ ነበር። የአገሪቱንም ፖሊሲ አልጠበቀም። በድረ ገጽ የተገኘውን ጽሑፍ መጠንና የኩባንያውን ዘዴ ነው ይበልጥ የሚመስለው።

ኪጋሊ ሌላ መንገድ አሳየች። በሞዚላ የጋራ ድምፅ ፕሮጀክት ውስጥ በዲጂታል ኡሙጋንዳ ድርጅት አስተባባሪነት በጎ ፈቃደኞች በኪንያርዋንዳ ያነበቡት ድምፅ ከ2,000 ሰዓት በላይ ሆነ። ሀብቱ ያለ ምንም የባለቤትነት ገደብ ለሕዝብ ተለቋል። ማንኛውም ተማሪ፣ ማንኛውም ድርጅት ይወስደዋል፤ የውጭውም ጭምር። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቅሬታ የሚያስነሣ ነው፤ በበጎ ፈቃድ የተሰጠ ድምፅ በሌላ አገር ለሽያጭ ሊውል ይችላል። ነገር ግን ከፊደል ቅርጹ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር፣ ታጥሮ የቀረ ሀብት ለአጣሪውም ቢሆን እስከ መቼ እንደሚጠቅም መጠየቅ ተገቢ ነው። በዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ኪሊኑክስ የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2004 ኦፕን ኦፊስን በስዋሂሊ «ጃምቦ» ብሎ ያቀረበው በዚሁ የክፍት ሀብት መንፈስ ነበር፤ ስያሜዎቹን ያወጡት የዩኒቨርሲቲው የቋንቋና የኮምፒዩተር ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ነው።

የትምህርት ክፍሎች ስፍራ

በቀጣናው ያሉ የቋንቋ ትምህርት ክፍሎች ሳይወዱም ቢሆን የዚህ ገበያ አካል ናቸው። መምህሩ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት የጤና መመሪያ ይተረጉማል፤ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዋ ለአንድ የውጭ ኩባንያ ዐረፍተ ነገር ትመዝናለች። ሥራው «የግል» ስለሚባል በትምህርት ክፍሉ ዘገባ አይታይም። ዘርፉን የሚያጠኑ የኢኮኖሚ ሰዎች ዩኒቨርሲቲን በዕውቀት አመንጪነት፣ ድርጅቱን በዕውቀት አሸጋጋሪነት ሲመድቡ፣ በዚህ አካባቢ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው መሆናቸው ሳይታያቸው ይቀራል።

ከገንዘቡ ይልቅ አሳሳቢው የቅሪቱ ጉዳይ ነው። የዛሬ ተርጓሚ በኮምፒዩተር ሲሠራ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ከትርጉሙ ጋር ጥንድ ሆኖ በትርጉም ማኅደር ይቀመጣል፤ ስያሜዎቹም በስያሜ ቋት። ለአንድ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት በሲዳማ አፎ፣ በካፊ ኖኖ ወይም በአፋርኛ የተዘጋጀ ማኅደር ምናልባት በዚያ ቋንቋና በዚያ ሙያ ብቸኛው ጥንድ ሀብት ሊሆን ይችላል። በተለመደው ውል ማኅደሩ ሥራውን ላመጣው ደላላ ድርጅት ይሄዳል፤ ተርጓሚው ቅጂ እንዳያስቀርም በምስጢር አንቀጽ ይከለከላል። የሚቀጥለው መመሪያ ሲመጣ ደላላው በማኅደሩ የተገኙትን ዐረፍተ ነገሮች በቅናሽ ያስከፍላል፤ ወይም ተርጓሚው በእነርሱ ላይ አነስተኛ ክፍያ ይቀበላል። የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ የቋንቋው ተናጋሪዎችና የትምህርት ክፍሉ እጃቸው ላይ የሚቀረው የታተመው ወረቀት ብቻ ነው።

ይህን ለመለወጥ የሚያስፈልገው አዋጅ አይደለም። ደንበኛው የሕዝብ መሥሪያ ቤት ሲሆን በጨረታ ሰነዱ ላይ ሁለት መስመር መጨመር ይቻላል፦ የግለሰብ ምስጢር ከወጣ በኋላ የትርጉም ማኅደሩና የስያሜ ቋቱ ለደንበኛው እንዲረከቡ፣ አንድ ቅጂም በአቅራቢያው ባለው ዩኒቨርሲቲ እንዲቀመጥ። የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ዋጋ ይጨምራል የሚል ይሆናል፤ በመጀመሪያው ውል ላይ እውነትነት አለው። ሁለተኛው ተቃውሞ ቅጂውን የሚቀበል፣ የሚያጸዳና የሚያስነብብ ሰው በዩኒቨርሲቲው የት አለ የሚል ነው። ይህኛው ወደ ትምህርት ክፍሎቹ የሚመለስ ጥያቄ ነው፤ ሰነዱን የሚረከብ አንድ ጸሐፊና አንድ የመረጃ ማከማቻ ማሽን ያለው ክፍል በቀጣናው በጣት የሚቆጠር ነውና።